ከጅማ ትርጉም ቤት እስከ ድምፅ መስጫ ወረቀት፦ የሰነድ ትርጉም አገልግሎት ግምገማ

ጅማ ውስጥ ሰነድ ማስተርጎም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶችና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች «ትርጉም እንሠራለን» የሚል ወረቀት መለጠፍ የተለመደ ነው። ጠዋት የሰጣችሁት የልደት ምስክር ወረቀት ከሰዓት በኋላ ክብ ማኅተምና ቲተር ተመትቶበት ይመለሳል። ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ያህል ብዙዎቹ ያደርሳሉ። እዚህ የምንመዝናቸው ግን ረዘም ባለ ሚዛን ነው፦ ባለቤቱ ከ12 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ በሰው አገር ለምርጫ ልወዳደር ብሎ ሲመዘገብ ይህ ወረቀት ይደግፈዋል ወይስ ያደናቅፈዋል?

ይህ ቅንጦት የሚመስለው ሰው በቅርብ ዓመታት የሆነውን ያስታውስ። የጋምቤላ ልጅ የሆነው ኦባላ ኦባላ በስደተኝነት አሜሪካ ገብቶ በታኅሣሥ 2012 (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2019) ዜግነት አገኘ፤ ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020፣ በሚኒሶታ የኦስተን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደችው ፕኒና ታማኖ ሻታ እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤል ክኔሴት (ፓርላማ) ገባች፣ በ2020 ሚኒስትር ሆነች። ሶማሊያ ተወልዳ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ያለፈችው ኢልሀን ኦማር እ.ኤ.አ. በ2000 ዜግነት አግኝታ በ2016 የሚኒሶታ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ በ2018 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሆና ተመርጣለች። የኦሮሞ ማኅበረሰብ በብዛት ከሚኖርባቸው የአሜሪካ ስቴቶች ግንባር ቀደሟም ሚኒሶታ ነች። ከጅማ የሚሄድ ሰነድ እዚያ የሚደርሰው በአጋጣሚ አይደለም።

ስም ላይ ያለው ትልቁ ድክመት

የጅማ ቤቶች ከሁሉ በላይ የሚወድቁት ስም ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ እዚህ አንድ ስም ሦስት አጻጻፍ አለው፤ በቁቤ፣ በግዕዝ ፊደልና በእንግሊዝኛ። ቁቤና እንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ጸሐፊው የቁቤውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ይገለብጠዋል። «ጫላ» በቁቤ የሚጀምረው በ«ሲ» ነው፤ ያቺ ፊደል በቁቤ «ጭ» ናትና። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን «ካላ» ብሎ ያነበዋል። «ጥላሁን» በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል፤ ሚኒያፖሊስ ላይ «ዚላሁን» ተብሎ ይጠራል። «ቀልቤሳ» በ«ኪው» ይጻፋል፤ ከ«ኪው» ቀጥሎ «ዩ» ያጣ ፈረንጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው የፊደል ስህተት መኖሩን ነው። በዚህ ላይ ቁቤ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ወረቀት ባለአንድ «ኤ»፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ባለሁለት «ኤ» ይሆንና ከአንድ ሰው ሁለት ሰው ይወጣል።

ጥሩው ቤት በመጀመሪያ ጥያቄው ይታወቃል፦ «ፓስፖርት አለ?» ካለ፣ ሁሉም ትርጉም የፓስፖርቱን አጻጻፍ ይከተላል። ዋናው ሰነድ ላይ በቁቤ የተጻፈው ከዚያ የሚለይ ከሆነ ተርጓሚው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «በዋናው ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው» ብሎ ያሰፍረዋል። ፓስፖርት ካልወጣ የፋይዳ ካርዱ ይምጣ፤ ስሙ በሁለቱም ፊደል፣ የልደት ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር አለበት። ይህን ሳይጠይቅ መጻፍ የጀመረ ቤት፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሥራው በግማሽ እንደተበላሸ ቁጠሩት።

የጅማ ልዩ ችግር «አባ» ነው። አያቱ አባ ዲጋ፣ አባ ቡልጉ፣ አባ ፊጣ የሚባል ሰው በየሰፈሩ አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት በቤተሰብ ስም ቦታ የሚያስገባው የአያትን ስም ነው። ጸሐፊው «አባ»ን ለብቻ፣ «ዲጋ»ን ለብቻ ከጻፈ ግማሹ ወደ መካከለኛ ስም ይሄዳል፣ ግማሹ ቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። አንዱ ቅጽ ላይ ባለሦስት ስም፣ ሌላው ላይ ባለአራት ስም ትሆናላችሁ። «ገብረ»፣ «ወልደ» እና «ሀብተ» ብለው የሚጀምሩ ስሞችም ዕጣቸው ይኸው ነው። መፍትሔው ተራ ነው፦ ከመጀመሪያው ሰነድ ጀምሮ ወይ አንድ ላይ ወይ ለየብቻ፣ ግን ሁሌ አንድ ዓይነት። የኛ ምርጫ አንድ ላይ መጻፍ ነው፤ ኮምፒውተር ባዶ ቦታ ሲያይ መቁረጥ ይወዳልና።

አንድ ስም ብቻ በቤተሰብ ስም ቦታ ገብቶ የመጠሪያው ቦታ ባዶ ከቀረ ደግሞ የአሜሪካ ቪዛ ባዶውን «ኤፍ ኤን ዩ» በሚሉ ሦስት ፊደላት ይሞላዋል፤ «መጠሪያ ስሙ አይታወቅም» ማለት ነው። ይህ ወደ ግሪን ካርድ፣ ከዚያም ወደ መንጃ ፈቃድ ሊሻገር ይችላል። በዚህ ስም ባንክ የሚከፍት፣ ቤት የሚከራይ ሰው አለ። የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ለማውጣት ግን ማንም አይመኘውም።

ደግነቱ የስም ጥፋት መድኃኒት አለው። አሜሪካ ውስጥ ለዜግነት ሲያመለክቱ በዚያው ቅጽ ላይ ስም ማስቀየር ይቻላል፤ ቃለ መሐላው ፍርድ ቤት የሚፈጸም ከሆነ ዳኛው ያጸድቀዋል። የሚኒሶታ የዕጩነት ቃለ መሐላ ቅጽም እውነተኛ ስምን፣ ወይም ሰውየው በአካባቢው በስፋት የሚታወቅበትን ስም ይቀበላል። የእንግሊዝ የዕጩነት ወረቀት «ዘወትር የሚጠሩበት ስም» የሚል ራሱን የቻለ ቦታ አለው። እዚህ ጅማ ደግሞ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት ማስወሰን ይቻላል። ሰውየው አገር ውስጥ ሳለ ቢያስወስነው ይቀለዋል፤ ከወጣ በኋላ ውክልና ልኮ፣ ዘመድ አስጨንቆ፣ ምስክር አስቆጥሮ ነው የሚያልቀው።

ቀን

የቀን ጥፋት ግን እንዲህ አይታከምም። በሰነድ ቤቶች የምናያቸው ስህተቶች ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀኑን ሳይቀይሩ ቁጥሩን ብቻ መገልበጥ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1985 የተወለደ ልጅ «23/04/1985» ተብሎ ወደ እንግሊዝኛው ሲገባ በአንድ መስመር ስምንት ዓመት ገደማ ያረጃል። ትክክሉ ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ነው። ሁለተኛው ለሁሉም ወር 8 መደመር፣ ወይም ለሁሉም 7 መደመር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ 7 ይደመራል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን 8። ኅዳር 1985 ማለት 1992 ነው፤ ነሐሴ 10 ቀን 1985 ደግሞ ኦገስት 16 ቀን 1993 ነው። ሦስተኛው የወርና የቀን ቅደም ተከተል ነው፦ አሜሪካ ወሩን ያስቀድማል፣ እኛ ቀኑን። 05/08 ለአንዱ ኦገስት 5 ነው፣ ለሌላው ሜይ 8። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በፊደል እንዲጻፍ አስገድዱ፤ ይህን የሚከለክል ቅጽ ካልሆነ በቀር ሰበብ የለም።

በነገራችን ላይ ዘመን መለወጫ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ነው። 1983 ጳጉሜዋ ስድስት ነበረች፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1984 ሴፕቴምበር 12 ቀን 1991 ላይ ዋለ፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ሁሉም በአንድ ቀን ተገፋ። ይህን በቃሉ የሚያውቅ ጸሐፊ ካገኛችሁ ደንበኛው ሁኑ። በስልክ መቀየሪያ የሚሠራውም አይናቅ፤ ግን የገባውን ቁጥር ከጎኑ ቆማችሁ እዩት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የምርጫ ሕግ በዕድሜና በዓመት ይቆጥራላ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለተወካዮች ምክር ቤት 25 ዓመት ዕድሜና 7 ዓመት ዜግነት፣ ለሴኔት 30 ዓመት ዕድሜና 9 ዓመት ዜግነት ይጠይቃል። ፕሬዚዳንትነት በትውልድ ዜጋ ላልሆነ ሰው የተዘጋ በር ነው። ከዚህ ሌላ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ፣ ግሪን ካርድ ይዞ የገባም ቢሆን፣ ለወታደራዊ ጥሪ መዝገብ ስሙን የማስመዝገብ ግዴታ አለበት። በእውነት 26 የሞላው ልጅ በወረቀት ስህተት 25 ከሆነ ሳያውቀው ግዴታ ውስጥ ይገባል፤ ዜግነት ሲጠይቅም «ለምን አልተመዘገብክም?» ይባላል። ስዊድን ላይ ደግሞ የልደት ቀን የመታወቂያ ቁጥሩ መጀመሪያ ስለሆነ፣ የተሳሳተው ቀን በየሐኪም ቤቱና በየባንኩ አብሮ ይኖራል። አሜሪካ ውስጥ አመልካቹ ራሱ ቃለ መሐላ የፈጸመበትን የልደት ቀን፣ ዜግነቱን ካገኘ በኋላ ማስለወጥ እጅግ ከባድ ነው። ተቀናቃኝ ያለው ዕጩ ሁለት የልደት ቀን ይዞ ሲገኝ ምን እንደሚባል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ሙሉ ትርጉም ማለት

የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ ትርጉም ሙሉና ትክክለኛ እንዲሆን፣ ተርጓሚውም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የመተርጎም ችሎታ እንዳለው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ያዛል። ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻና ቀን ከታች ይኑሩ። የውልና ማስረጃ ማኅተም ለዚህ ብቻ ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ «ማኅተም ካልተመታበት ኤምባሲ አይቀበልም» ብሎ ለየገጹ ተጨማሪ የሚያስከፍል ቤት ሲያጋጥማችሁ ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ንገሩት። አገር ውስጥ የሚረጋገጥ ሰነድ ከሆነ ግን ማኅተሙም ፈቃድ ያለው ተርጓሚም ያስፈልጋሉ። ሁለቱን ለይቶ የሚያስረዳ ቤት ብርቅ ነው፤ ካገኛችሁት ከፍ ያለ ነጥብ ስጡት።

«ሙሉ» የሚለው ቃል ላይ ብዙዎች ይሰንፋሉ። ክብ ማኅተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ይተረጎማል። ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው የመዝገብ ቁጥር ይተረጎማል። ጀርባው ላይ ያለችው ማሳሰቢያም ትተረጎማለች። የማይነበብ ነገር ካለ «የማይነበብ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይዘለልም፣ በግምትም አይሞላም።

የጅማ ተርጓሚዎች በቅንነት የሚሠሩት አንድ ጥፋት አለ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ የተሰጠ ወረቀት ላይ «ከፋ ክፍለ ሀገር» ይላል፤ ጅማ የዚያ ዋና ከተማ ነበረችና። ተርጓሚው «እንዳይምታታባቸው» ብሎ «ኦሮሚያ ክልል» አድርጎ ያድሰዋል። አታሳድሱ። ወረቀቱ ላይ ያለው ከፋ ከሆነ ትርጉሙም ከፋ ነው፤ ማብራሪያው በቅንፍ ይገባል። ዋናውን ከትርጉሙ ጋር የሚያመሳክር ሰው ፊደሉን ባያውቅም አማርኛ የሚያነብ የሥራ ባልደረባ አያጣም፤ ያልተጻፈ ነገር መገኘቱ ደግሞ ከስህተት ይልቅ ማጭበርበር ይመስላል። የከተማዋ ስም ራሱ በእንግሊዝኛ በአንድ «ኤም»፣ በሁለት «ኤም»፣ ፊት «ዲ» ተጨምሮበት፣ በጣሊያኖቹ ልማድ በ«ጂ» ተጽፎ ይገኛል። እዚህም ፓስፖርቱን ተከተሉ። አጋሮ ወይም ሊሙ ተወልዶ ፓስፖርቱ «ጅማ» የሚለው ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱን እንዳለ ያስተርጉም፤ ልዩነቱን በደብዳቤ ያስረዳ።

ላሚኔት ማድረግ እንደ ስጦታ የሚቀርብበት ቤት አለ። ዋና ሰነድ ላይ እንዳታስደርጉ። ላስቲክ ላይ ማኅተም አያርፍም፤ ለማረጋገጥ ሲሄዱ ሊመለስባችሁ ይችላል።

ወረቀቱ የሚሄድበት መንገድ

ጥሩ ተርጓሚ መንገዱን ሊያውቅ አይገደድም፤ የሚያስተረጉመው ሰው ግን ይወቅ። አሜሪካ ላይ ግሪን ካርድ ካገኙ ከ5 ዓመት በኋላ፣ ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር አብረው ለሚኖሩ ከ3 ዓመት በኋላ፣ ለዜግነት ማመልከት ይቻላል። ቀኑ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል። በ5 ዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል እዚያ መገኘት ግድ ነው፤ ጅማ ቤት ሊሠራ፣ ቡና ሊነግድ እየተመላለሰ የሚከርም ሰው ይህን ይቁጠር። ከአፕሪል 2024 ጀምሮ ክፍያው በኢንተርኔት 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው የሚፈተነው ከ128 ጥያቄዎች ውስጥ እስከ 20 ተጠይቆ 12 በመመለስ ነው፤ ቀድሞ ከ100 ውስጥ 10 ተጠይቆ 6 መመለስ ይበቃ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ጉድጓድ አለ። መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ሲሄዱ «መራጭ ሆነው ይመዘገባሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ዜግነት ሳይኖር «አዎ» ማለት፣ ከዚያም አልፎ ድምፅ መስጠት፣ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያስጥል፣ ከአገርም ሊያስወጣ ይችላል። በቋንቋ ችግር የመጣ ስህተት ነው ብሎ ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ ግን ጠበቃ ይፈልጋል፣ ጠበቃም ገንዘብ ይፈልጋል።

ዜግነት በተገኘ ማግስት የሚከፈተው በር የአካባቢ ምርጫ ነው። በሚኒሶታ ሥልጣን በሚረከቡበት ቀን 21 ዓመት መሙላት፣ ከምርጫው በፊት 30 ቀን በዚያ የምርጫ ክልል መኖር ለአካባቢው ወንበር ይበቃል። የትምህርት ቤት ቦርድ መመዝገቢያው በአብዛኛው 2 ዶላር ነው። ለስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት 100 ዶላር፣ አንድ ዓመት በስቴቱና 6 ወር በምርጫ ክልሉ መኖር። ሂሳቡን በ5 ዓመቱ መንገድ ስታደርጉት ግሪን ካርድ ከያዙበት ቀን አንሥቶ ኮንግረስ ለመግባት በጥቂቱ 12 ዓመት ይፈጃል፣ የከተማ ምክር ቤት ግን 5 ዓመት። ከትንሹ መጀመር የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ስዊድንና ኖርዌይ ላይ ደግሞ ለማዘጋጃ ቤት ምርጫ ዜግነትም አይጠየቅም፤ 3 ዓመት በሕጋዊ ነዋሪነት መመዝገብ ይበቃል።

የቅስቀሳ ወረቀት የሚተረጉሙት

አንዳንድ የጅማ ተርጓሚዎች፣ በተለይ ከዩኒቨርሲቲው በቋንቋ የተመረቁት፣ ከውጭ በቴሌግራም ሥራ ይቀበላሉ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚሠሩት የዕጩዎች በራሪ ወረቀት ቋንቋው ይጥማል፤ የምርጫ ቃላት ላይ ሲደርስ ግን ይንገዳገዳል። «ለምክር ቤት ይሮጣሉ» የሚል ወረቀት በየጊዜው ይወጣል። ሩጫው ለአትሌቶች ይቅር፤ ሰው ይወዳደራል። ዋናው ምርጫ ከመድረሱ በፊት የሚደረገው የዕጩዎች ማጣሪያ «የአንደኛ ደረጃ ምርጫ» ተብሎ ሲተረጎም አንባቢው ተማሪ ቤት ይመስለዋል፤ ቀዳሚ ምርጫ ወይም የማጣሪያ ምርጫ በሉት። የከተማ ምክር ቤት የምርጫ ክልልን «ወረዳ» ያሉት እንደሆነ ከኛው ወረዳ ጋር ይምታታል፤ ቁጥሩን አስከትሎ «የምርጫ ክልል» ማለት ይሻላል።

ሚኒያፖሊስ ላይ ያለው ስህተት ድምፅ ያስጥላል። እዚያ ለከተማ ምርጫ መራጩ እስከ ሦስት ዕጩ በቅደም ተከተል ይመርጣል፦ አንደኛ ምርጫዬ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሊት። «ሦስት ሰው ይምረጡ» ተብሎ ከተተረጎመ ግን መራጩ ሦስቱን በአንድ ዓምድ ያጠቁራል፤ ያ ድምፅ ለማንም አይቆጠርም። የሚኒሶታ ስቴት ጸሐፊ ቢሮ ለመራጮች የሚያወጣቸው መረጃዎች በአማርኛና በኦሮምኛም ስላሉ፣ ተርጓሚው ቃላቱን ከዚያ ይውሰድ። መራጩ በሁለት ወረቀት ሁለት ስያሜ ማየት የለበትም።

የዕጩው ስም በግዕዝ ፊደል ቢያምርም፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው በላቲን ነው። በራሪው ላይ በትክክል ያው አጻጻፍ፣ ፊደል ሳይጎድል፣ ጎላ ብሎ ይታተም። የቁቤው ጣጣ እዚህም ተመልሶ ይመጣል፦ በራሪው በ«ሲ»፣ ወረቀቱ በ«ሲ ኤች» ከሆነ እናቶቻችን ስሙን አያገኙትም።

ከግርጌ ያለችው ደቃቅ መስመር፣ «ያዘጋጀውና ወጪውን የሸፈነው እገሌ ኮሚቴ» የምትለው ከነአድራሻዋ፣ ጌጥ ስላልሆነች አትጣል። የሚኒሶታ ሕግ ያዛታል። ዲዛይኑ ሲጠብ መጀመሪያ የምትቆረጠው ግን እሷ ነች።

ገንዘቡ ላይ ጥብቅ ነገር አለ። የአሜሪካ ሕግ የውጭ ዜጋ ለየትኛውም ምርጫ፣ ለፌዴራልም ለከተማም፣ ገንዘብም ሆነ ዋጋ ያለው ነገር እንዳይሰጥ ይከለክላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መስጠት ይችላል፤ ጅማ ያለ አጎት አይችልም። አንድ ግለሰብ ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ቢያግዝ አይከለከልም፤ ድርጅት ግን «የአገራችን ልጅ ነው» ብሎ በነፃ ቢተረጉም፣ በነፃ ቢያትም፣ ወይም ከሌላው ደንበኛ ባነሰ ዋጋ ቢሠራ ስጦታ ሆኖ ይቆጠራል፤ ጦሱም ለዕጩው ነው። ስለዚህ የተለመደው ዋጋ ይከፈል፣ ደረሰኝ ይቆረጥ። ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት ለዚህ ሥራ አይሆንም። በጅማ ቤቶች ላይ ያለን ሁለተኛው ትልቅ ቅሬታም ይኸው ነው፤ «ደረሰኝ?» ስትሉ ፊታቸው ይለወጣል።

ዜግነት የመተው ወረቀት

እስራኤል ላይ ሌላ ዜግነት ያለው ተመራጭ የክኔሴት ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ በፊት ያንን መተው አለበት። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ደግሞ ጥምር ዜግነት ያለውን ከፌዴራል ፓርላማ ያግዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በዚህ ምክንያት ወንበራቸውን የለቀቁ ብዙ ነበሩ። ከ2019 ወዲህ ዕጩ የሚሞላው ቅጽ የወላጆችንና የአያቶችን የትውልድ ቦታ ሳይቀር ይጠይቃል። ጅማ ላሉ ቤተሰቦች «የአያቴ የትውልድ ቦታ የት ነው?» የሚል ስልክ የሚደወለው ያን ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህን አንቀጽ ለማቅረብ የሚያስተረጉም ሰው ገንዘቡን እያባከነ ነው። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚታተመው። ገጹን ኮፒ ማድረግ ይበቃል። ይህን እያወቀ በገጽ ሂሳብ የሚያስከፍል ቤት ካለ፣ ያ ስንፍና አይባልም።

ውጭ ሠርቶ፣ ውጭ ተመርጦ፣ በመጨረሻ ጅማ ላይ ልወዳደር የሚል ሰው ደግሞ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) አይመን። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙ መብት ይሰጣል፤ መምረጥና መመረጥን ግን ለይቶ ከልክሏል። መንገዱ በ378ቱ አዋጅ አንቀጽ 22 ነው፦ ተመልሶ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖር፣ የያዙትን ዜግነት መተው፣ ማመልከት።

የቱ ቤት?

ፎቶ ኮፒና ዲቪ የሚሞሉት፦ ፈጣኖች ናቸው፣ ርካሽም ናቸው፤ ቀን ላይ አይታመኑም። ዲቪ ካስሞላችሁ የማረጋገጫ ቁጥሩን በእጃችሁ ሳትይዙ አትውጡ፤ ቁጥሩን «እኛ እናይላችኋለን» ብሎ ማስቀረት የታወቀ ወጥመድ ነው። የትዳር ጓደኛና ልጆች ሁሉ መሞላታቸውንም ስክሪኑ ላይ እዩ፤ ያልተጠቀሰ ልጅ በኋላ ቪዛውን ያስከለክላል። ከአምስት ኮከብ ሁለት።

በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉት፦ እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል። አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ግን ከማንም በላይ ይችላሉ፤ የከፋ ክፍለ ሀገር ዘመን ወረቀት ከነማኅተሙ የሚያነቡላችሁ እነሱ ናቸው። አስነብባችሁ ወደ ሌላ ውሰዱት። ሦስት።

ፈቃድ ያላቸው ትርጉም ቤቶች፦ የማረጋገጫ ዓረፍተ ነገሩ አላቸው፣ ፊርማውም አለ። ደካማ ጎናቸው ቀድሞ የተዘጋጀ ፋይል ላይ የናንተን ስም መተካታቸው ነው፤ የፊተኛው ደንበኛ የእናት ስም ወይም የምዝገባ ቁጥር ሳይጠፋ ይቀራል። ከመታተሙ በፊት በስክሪን፣ ከታተመ በኋላ በጣት እየተከተላችሁ አንብቡ። ሶፍት ኮፒውንም በፍላሽ ውሰዱ። ሦስት ተኩል፤ ፓስፖርት የሚጠይቁት አራት።

በቴሌግራም የሚሠሩት ተመራቂዎች፦ ለቅስቀሳ ወረቀት የመጀመሪያ ምርጫችን፣ ለልደት ምስክር ወረቀት የመጨረሻ።

ዋጋ በገጽ ነው፤ ከአፋን ኦሮሞ ወደ እንግሊዝኛና ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ አንድ ላይሆን ስለሚችል ሳትሰጡ ተስማሙ፣ እርማት ነፃ መሆኑንም አብራችሁ አስይዙ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነውና ከተማው ይጨናነቃል። ዓርብ የመንግሥት ቢሮዎች ከ5:30 እስከ 7:30 ለጁምዓ ስለሚዘጉ ማኅተም ያለበት ጉዳይ ጠዋት ይለቅ። መብራት ከጠፋ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ያለው ቤት ይሻላል፤ ቢሆንም «ሴቭ ተደርጎ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ ቀኑን እንደ አዲስ ሲጽፉት ከአጠገባቸው አትነሡ።